ሁለት ባለሙያ ልጠቁማችሁ፦ አንዷ ለዓይኔ፣ አንዱ ለአባቴ ሸክላ

ይህን ጽሁፍ መጻፍ ከነበረብኝ ሦስት ወር አልፎኛል። ምስጋና ሲዘገይ ያሳፍራል፤ ስለዚህ ዳር ዳር ሳልል ልግባበት። አዲስ አበባ ውስጥ መነጽር ልታሠሩ ያሰባችሁ፣ ወይም ቤታችሁ አቧራ የጠጣ ሸክላ ማጫወቻ የተቀመጠ ካላችሁ፣ ይህ ለእናንተ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በካርቶን ነው። አባታችን ሲያርፍ ቁም ሳጥኑ ላይ የነበረው የሸክላ ካርቶን ለእኔ ደረሰኝ። አርባ የሚሆኑ ናቸው። አብዛኞቹ እነዚያ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት፣ በአንድ ፊት አንድ ዘፈን የሚይዙት ትንንሾቹ ናቸው። የአምሃ ሬከርድስም አሉበት። አምሃ እሸቴ እኮ ሸክላ ማሳተም የሀገር ፍቅር ማኅበር መብት ብቻ ነው በሚባልበት ጊዜ ደፍሮ የገባበት ሰው ነው፤ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1969። ማተሚያው እዚህ ስላልነበረ ውጭ አሳትሞ ያስመጣ ነበር። ዛሬ ሰብሳቢዎች በዶላር ይሻሙባቸዋል። የአባቴ አይሸጥም፤ እንዳትጠይቁኝ።

ታዲያ አንዱን አንስቼ መሐሉ ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት ላነብ ስል አልታየኝም። እጄን ዘረጋሁ፣ አንገቴን ወደ ኋላ ሳብኩ፣ መብራት ሥር ወሰድኩት። ወይ ፍንክች! 48 ዓመቴ ነው። መርፌውን የመጀመሪያው መስመር ላይ ማሳረፍማ ጨርሶ ግምት ሆነ። ሁለቴ ከዳር አንሸራትቼ ጣልኩት።

አንድ መነጽር ቤት ሄድኩ። የቱ እንደሆነ ይቅር። ዓይኔን ላሳይ ሄጄ ዓይን ያወጣ ዋጋ ጠየቁኝ። የሩቅና የቅርቡን አንድ ላይ የያዘ ሌንስ፣ ከኮምፒውተር የሚወጣውን ሰማያዊ ብርሃን የሚከለክል ቅብ፣ ስሙን የማላውቀው ፍሬም። አልችልም ስላቸው ፊታቸው ተለወጠና ፕላስ 2.25 የንባብ መነጽር ሠርተው ሰጡኝ። ገና አንድ ገጽ ሳልጨርስ ግንባሬን ወጥሮ ያዘኝ።

ልጅቷን የጠቆመችኝ የቢሮ ባልደረባዬ ናት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኦፕቶሜትሪ (የዓይን ልኬትና የመነጽር ሙያ) የተማረች፣ ሠላሳ ያልሞላት ልጅ ናት። የምትሠራባት ክፍል ፒያሳ ነበረች፤ በ2016 ያ ሰፈር ሲፈርስ አራት ኪሎ አካባቢ ገብታለች። ወንበሩ ላይ ሳልደላደል፣ «ጋሼ፣ መነጽሩን ምን ሊሠሩበት ነው?» አለችኝ። (ጋሼ መባል ጀምሬያለሁ። ይሁን።)

«ሸክላ ልሰማበት» አልኳት።

አልሳቀችም። «እስቲ መርፌውን እንደሚያስቀምጡ አድርገው እጅዎን ይዘርጉ» አለችና ሜትር አውጥታ ከዓይኔ እስከ ጣቴ ለካች። ግማሽ ሜትር ሆነ። ከዚያ ያን የማያነበውን መነጽር ተቀብላ መርመር አደረገችና በማርከር ሌንሶቹ ላይ ሁለት ነጥብ አደረገችበት። አድርጌው መስታወት ስታሳየኝ ነጥቦቹ ዓይኔ መሐል ሳይሆን ወደ አፍንጫዬ ገባ ብለው ቁጭ ብለዋል። ከአንዱ የዓይን ብሌን እስከ ሌላኛው ያለው ርቀት የእኔ 66 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለንባብ ዓይን ሰብሰብ ስለሚል 63 ይሆናል። ሌንሱ የተቆረጠው ለ58 ነበር። ማንም ሳይለካኝ ማለት ነው። ግንባሬን የወጠረው እሱ ነው። በዚያ ላይ 2.25 ጠጋ ብሎ ለማንበብ ነው፤ ግማሽ ሜትር ላይ ያለ መርፌ ይደበዝዝበታል። 1.50 አዘዘችልኝ። መጽሐፉንም መርፌውንም ይዞልኛል።

ስለ ሰማያዊው ብርሃንም ጠየቅኳት። «ገንዘብዎን ነጸብራቅ ለሚቀንሰው ቅብ ያውሉት» አለችኝ። ቤት ገብቼ ሳጣራ እውነቷን ነው፤ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2023 የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት ነው) ግምገማ 17 ጥናቶችን አይቶ፣ በኮምፒውተር ለሚደክም ዓይን ያ ሌንስ ከተራው የተሻለ ነገር ማድረጉን አላገኘም።

ፍሬም ደግሞ አልገዛሁም። የአባቴን ወፍራም ጥቁር መነጽር በኪሴ ይዤ ነበር፤ አፍሬ ሳላወጣው ቆይቼ መጨረሻ ላይ አሳየኋት። ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችው። «አርጅቷል፤ ሌንስ ሳስገባ ቢሰነጠቅ ኃላፊነቱን አልወስድም» ብላ ደረሰኙ ላይ ጻፈችው፣ ፈረምኩ። በሙቅ አየር አለስልሳ አስገባችው። ብሎኖቹን ቀየረች፣ ጆሮዬ ላይ እስኪቀመጥ ሦስቴ አጠፈችው። አልተሰነጠቀም። አንድ ቅሬታ አለኝ፦ በሳምንት ይደርሳል ያለችው በአሥራ ስምንት ቀን ነው የደረሰ። ስልክ አታነሳም። ቀጠሮ ስትይዙ ቀን ጨምራችሁ ያዙ።

ስቀበል ነው የሁለተኛውን ሰውዬ፣ የማጫወቻ ጠጋኙን፣ ነገር ያነሳችልኝ። «ሸክላው ይሠራል?» ስትለኝ፣ ማጫወቻው ጥላሁን ገሠሠን እንቅልፍ እንደያዘው ሰው አድርጎ እንደሚያዘፍነው ነገርኳት። እህቴ ቨርጂኒያ ጋራዥ ሴል ላይ በርካሽ ያገኘችው ነው። በትራንስፎርመር ነው የምሰካው፤ ይዞራል፣ ግን ይጎትታል። ቺንጋው ለቆ ነው ብዬ አዲስ አስመጣሁ። ያው ነው።

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ ጣሪያው ድረስ ሬዲዮ የተደረደረባት ጠባብ ቤት ናት። ሰውዬው ሰባን ያለፉ ይመስለኛል። እንደገባሁ መርፌውን በያዘው የማጫወቻው ክንድ ላይ በፕላስተር የተለጠፈውን ዐሥር ሳንቲም አዩ።

«አንተ ልጅ፣ ይህን ማን አስተማረህ?»

አባቴ ነዋ! መርፌው እንዳይዘል እንዲህ ያደርግ ነበር። ሳንቲሙን ነቅለው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ክብደቱ የሸክላውን መስመር እየፋቀ ይበላዋል አሉ። መርፌ ከዘለለ ወይ መርፌው አልቋል፣ ወይ ክንዱ አልተመዘነም፣ ወይ ሸክላው ቆሽሿል። የእኔ ሦስቱም ነበረበት።

ከዚያ የወረቀት ቁራጭ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ለጥፈው የእጅ ሰዓታቸውን አወለቁና ዙሩን ይቆጥሩ ጀመር። በአንድ ደቂቃ 45 መምጣት ሲገባው 37 ተኩል ገደማ ሆነ። «ትራንስፎርመር ቮልቱን ነው የሚቀይርልህ» አሉ። የአሜሪካ መብራት 60 ሄርዝ ነው (በሴኮንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል ማለት ነው)፣ የእኛ 50፤ እንዲህ ያለ ሞተር ደግሞ የሚዞረው ሄርዙን ተከትሎ ነው። ስለዚህ ከስድስት አንድ እጁን ይዘገያል። ሞተሩ ላይ ያለችውን ፑሊ አወጡ፤ ውፍረቷ 10 ሚሊ ሜትር ነው። ቶርኖ ቤት ልከው በናስ 12 አስቆረጡ። በቃ፣ ይህችው ናት! ለሦስት ወር ያሰቃየችኝ ሁለት ሚሊ ሜትር ናት። መልሰው ሲቆጥሩ እኔም አብሬ ቆጠርኩ፤ 45 ላይ ሰዓቱ ገጠመ።

አዲስ ስፒከርም አላስገዙኝም። ከመርፌው የሚወጣው ድምፅ በጣም ደካማ ስለሆነ እሱን የምታጎላ ትንሽ ሳጥን በርካሽ ሠርተውልኝ ከአሮጌው ቴፓችን ጋር አገናኙት። አጠባም አስተማሩኝ፦ የተጣራ ውሃ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ በመስመሩ አቅጣጫ። በደቂቃ 78 የሚዞሩትን ከባዶቹን የጥንት ሸክላዎች ግን አልኮል እንዳታስነኩ፤ ያሟሟቸዋል።

የልጅቷና የሰውዬው ሒሳብ ተደምሮ መጀመሪያ ለሌንስ ብቻ የተጠየቅኩትን ግማሽ አልሞላም።

ሁለቱም ስማቸውን እንዳልለጥፍ ስለጠየቁኝ ነው ያልጻፍኩት። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ሰውዬው ከሰዓት በኋላ ነው የሚገኙት፤ ቅዳሜ ወረፋ አለ። ማጫወቻችሁ ክንድ ላይ ሳንቲም ካለ ግን መንገድ ላይ ንቀሉት፤ ካዩባችሁ አይለቋችሁም።