«ጎማው አዲስ ነው» ሲሏችሁ ቁጥሩን አንብቡ

ያገለገለ ሞተር ሳይክል ልትገዙ እየዞራችሁ ከሆነ፣ ይቺን አንብባችሁ ሂዱ። እኔ ሳላጣራ ገዝቼ በሦስተኛው ቀን አስፋልት ላይ ተዘርሬያለሁ።

ጀማሪ ነኝ። ሻጩ ሞተሩን ሲያሳየኝ ዓይኔን የሳቡት ጎማዎቹ ነበሩ። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቁ፣ ጥርሳቸው ገና ያልተነካ። «ጎማው አዲስ ነው፣ ለዓመታት አታስብበትም» አለኝ። ሄልሜትም መረቀልኝ። ከዚያ በኋላ ማን ጎንበስ ብሎ ጎማ ያያል?

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሰፈር ውስጥ ልለማመድ ወጣሁ። በሁለተኛ ማርሽ፣ ቀስ ብዬ። ወደ ግራ ስታጠፍ ከቆመ መኪና ሥር ድመት ዘላ ወጣች። የፊት ፍሬኑን ጭብጥ አደረግኩት። የፊት ጎማው ሸርተት አለ፣ እኔና ሞተሩ በግራ ጎናችን ተኛን። ድመቷ ዞር ብላ አየችንና መንገዷን ቀጠለች።

ጉዳቱ ቀላል ነው። ፍሬቻ ተሰበረ፣ ስፖኪዮ ተጣመመ፣ የፍሪሲዮን እጀታ ታጠፈ፣ የኔም ጉልበት ተላጠ። ከሁሉ የባሰው በር ላይ ቆመው ያዩኝ ሰዎች ነበሩ።

ጥፋቱ የኔም ነው፣ አልክድም። መሪ ዞሮ ሳለ የፊት ፍሬን በድንገት አይያዝም። ግን አስፋልቱ ደረቅ ነበር፤ አሸዋም ዘይትም አልነበረበትም። እጀታውን የቀየረልኝ መካኒክ ጎማውን በጥፍሩ ጫን አደረገው። ምንም አልሰረጎደም፣ እንደ ፕላስቲክ ደርቋል። ከዚያ የጎማውን ጎን በጨርቅ ጠርጎ አራት ቁጥር አሳየኝ፦ 2311።

ይህን ቁጥር ማንበብ ቀላል ነው። «ዶት» ከሚሉት የላቲን ፊደላት ተነስታችሁ መስመሩን ተከተሉ፤ መጨረሻው ላይ አራት አሃዝ አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። የኔው በ2011 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው፣ በዚህ እንዳትሸወዱ። ሙሉው ቁጥር በአንዱ ጎን ብቻ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱንም ጎን እዩ። ሦስት አሃዝ ብቻ ካገኛችሁማ ጎማው ከ2000 በፊት የተሠራ ነው፤ ዋጋ መጠየቅም አያስፈልግም።

ላስቲክ ባይነዳም ያረጃል። ፀሐይና አየር ያደርቁታል፣ ሲደርቅ መንገድ መያዝ ያቅተዋል። ለዚያ ነው ለዓመታት የቆመ ሞተር ጎማው ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ሊያታልል የሚችለው። ብዙ አምራቾች ጎማ ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ እንዲመረመር፣ 10 ዓመት ከሞላው ደግሞ ጥርስ ቢኖረውም እንዲቀየር ይመክራሉ።

ማብረቅረቁስ? የጎማ ማስዋቢያ ቅባት ነው። ስንጥቁን ይሸፍናል። ይባስ ብሎ መንገድ የሚነካው ላይ ከተቀባ ያንሸራትታል። ስለዚህ የሚያብረቀርቅ ጎማ ስታዩ ጠርጉት። በጥርሶቹ መካከልና በጎኑ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ፈልጉ።

የተመረቀልኝን ሄልሜትም ገልብጬ አየሁት። ውስጡ ያለው ፎም አንድ ቦታ ላይ ተሰንጥቋል፣ ማለትም ከኔ በፊት ሌላ ሰው ወድቆበታል። ያ ፎም የሚሠራው ለአንድ ምት ነው። እኔ ጭንቅላቴ መሬት አለመንካቱ ዕድል ነው።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። «ጥርሱ አልቋል እንዴ? መንዳት ሳትችል ወድቀህ ነው» ብሎ ዘጋብኝ። ግማሹ እውነት መሆኑ ነው ያናደደኝ።

አሁን ሁለቱንም ጎማ ቀይሬያለሁ። አዲስ ጎማም መጀመሪያ ላይ ስለሚያዳልጥ የመጀመሪያዎቹን 150 ኪሎ ሜትር ገደማ በእርጋታ እየነዳሁ ነው። ሻጩ ደግሞ ትናንት ሌላ ሞተር ለሽያጭ አውጥቷል። ፎቶው ላይ ጎማዎቹ ከሞተሩ በላይ ያብረቀርቃሉ።