ከሰዓት ጋር ለመሽቀዳደም የቱ ጌም ይሻላል? ትራክማኒያ ኔሽንስ ፎርኤቨር፣ አዲሱ ትራክማኒያ እና ፖሊትራክ

«መኪና መግዛት የለ፣ ሞተር ማሻሻል የለ፣ ከሰዓት ጋር ብቻ የምሽቀዳደምበት ጌም የቱ ነው?» የሚለው የጓደኞቼ ጥያቄ ስለበዛ መልሱን አንዴ ልጻፈው። ትራክማኒያ ኔሽንስ ፎርኤቨርን አውርዱ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ ነጻ ነበር፣ ዛሬም ስቲም በሚባለው የኮምፒውተር ጌም መደብር ላይ በነጻ አለ። አዲስ ግራፊክስ ካርድ አይጠይቅም፤ ያረጀ ላፕቶፕ ይበቃዋል።

የዚህ ዓይነት ጌም ጣዕሙ ባዶነቱ ላይ ነው። ሁሉም ሰው የሚነዳው አንድ ዓይነት መኪና ነው። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ስክሪኑ ላይ ቢታዩም አይጋጩም፣ በመሃላቸው ታልፋላችሁ። ስለዚህ ለዘገያችሁባት መቶኛ ሰከንድ የምታሳብቡበት ሰው የለም። ነዳጅ፣ ፍሬን፣ ግራ፣ ቀኝ፤ በቃ። ኩርባ ላይ ፍሬን ነካ ስታደርጉ መኪናው ተንሸራቶ ይዞራል፤ ቀድማችሁ ከነካችሁ ፍጥነቱ ይሞታል፣ ከዘገያችሁ ግድግዳው ይቀበላችኋል። ተበላሸ? አንድ ቁልፍ ስትጫኑ ወዲያው መነሻው ላይ ናችሁ። የመጀመሪያውን ትራክ፣ ኤ01ን፣ ጎበዞቹ ከ24 ሰከንድ በታች ይጨርሱታል። ሙከራው ይህን ያህል ሲያጥር «አንዴ ብቻ ልድገም» እያላችሁ ይመሻል። 65 ትራኮች አሉት፤ የራሳችሁን የምትሠሩበት ኤዲተርም አብሮት ይመጣል።

እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው አዲሱ ትራክማኒያ ያምራል፣ ይህን አልክድም። ሰዓት የሚይዘው በሺኛ ሰከንድ ነው፣ በየሦስት ወሩ 25 ትራክ ያወጣል፣ በየቀኑም አንድ አዲስ ትራክ ይመረጥለታል። ችግሩ ክፍያው ነው። ነጻው ክፍል ጠባብ ነው። ሲወጣ መካከለኛው ክፍያ በዓመት 9.99 ዶላር፣ ክለብ የሚባለው ደግሞ 29.99 ዶላር ነበር። መካከለኛውን ብቻ ብትወስዱ እንኳ በሦስት ዓመት 30 ዶላር ገደማ ይሄዳል፤ መክፈል ስታቆሙ የከፈላችሁበት ይዘጋል። አርት ኦፍ ራሊ የሚባለው ሌላ የመኪና ጌም በ24.99 ዶላር አንዴ ተገዝቶ የራሳችሁ ሆኖ ይቀራል፤ ገንዘብ ማውጣታችሁ ካልቀረ፣ በቅናሽ ጊዜ እሱን ብትገዙ ይሻላል። መኪኖቹ ግን የተለያዩ ናቸው፣ ስሜቱም ሌላ ነው።

ፖሊትራክ ብሮውዘር ላይ የሚከፈት፣ ቅርጹ እንደ ወረቀት ቁራጭ ቀለል ያለ ነጻ ጌም ነው። ለምሳ እረፍት ከእሱ የተሻለ አላውቅም። ነገር ግን በስሙ የተከፈቱ ኮፒ ሳይቶች መዓት ናቸው። አሮጌ ቨርዥኑን ወስደው በማስታወቂያ ይከቡታል፤ ጓደኛችሁ የሠራውን ትራክ እንድትሞክሩ የላከላችሁ ኮድ እዚያ አልከፍት ሊል ይችላል፤ ሰዓታችሁም የሚቀመጠው ብሮውዘሩ ውስጥ በዚያ ሳይት ስም ስለሆነ ሳይቱ ሲዘጋ አብሮ ይቀራል። ከሠሪው ከራሱ ገጽ ብቻ ክፈቱት።

ከጌሙ ይልቅ ገንዘብ የሚበላው ጆይስቲኩ ነው። ለመጀመር አትግዙ፤ ከትራክማኒያ ምርጥ ተጫዋቾች መካከል በኪቦርድ የሚነዱ ብዙ ናቸው። መጀመሪያ ኪቦርዳችሁን ፈትሹ፦ የላይና የግራ ቀስቶችን እንደያዛችሁ የታችኛውን ጨምሩበት። አንዳንድ ርካሽ ኪቦርድ ሦስተኛውን ቁልፍ አይቀበልም፣ መንሸራተት በሚያስፈልጋችሁ ሰዓት ፍሬኑ ይጠፋል ማለት ነው። ያኔ ፍሬኑን ወደ ሌላ ቁልፍ ቀይሩት፤ ወጪ የለውም።

ጆይስቲክ የግድ ካላችሁ የታዋቂ ብራንድ ምልክት ከተለጠፈባቸው ርካሽ ኮፒዎች ራቁ። ጓደኛዬ የገዛውን ፈትቼ አይቼዋለሁ። ስቲኩን ትንሽ ስትገፉት ዝም ይላል፣ ጥቂት ስትጨምሩ ደግሞ በአንዴ እስከ ጥግ ይዞራል፤ በዚህ ቀጭን መስመር ይዞ መንዳት አይሆንም። ብዙም ሳይቆይ ሳይነካ ወደ ግራ መሳብ ጀመረ። በአልኮል ስናጸዳው ለጥቂት ጊዜ ተሻለው፣ ከዚያ ያው ተመለሰ፤ ውስጡ ያለው የካርበን ንጣፍ ስለተበላ ማጽዳት አያድነውም። በማግኔት ሴንሰር የሚሠሩት፣ ሆል የሚባሉት፣ እርስ በርሱ የሚፋተግ ነገር ስለሌላቸው በዚህ መንገድ አያልቁም፤ ትንሽ ቢወደዱም እነሱን ውሰዱ። ስትቀበሉ ዊንዶውስ ላይ ያለውን የጆይስቲክ መፈተሻ ክፈቱና ስቲኩን ቀስ አድርጋችሁ ግፉት። ስክሪኑ ላይ ያለው መስቀል አብሮ ቀስ ብሎ ካልሄደ ወይም ስትለቁት መሃል ላይ ካልቆመ እዚያው መልሱት።

ለአዲሱ ትራክማኒያ መክፈል የሚያዋጣው በኔሽንስ ፎርኤቨር ጥቁሮቹን የመጨረሻ አምስት ትራኮች በወርቅ ሜዳሊያ ለጨረሰ ሰው ነው፤ እሱም ቢሆን በአንድ ዓመት ይጀምር።