«የዚህ አውራ አባት የት አለ?» ብሎ ዶሮዎቼን ላተረፈልኝ ልጅ

ዶሮ የምታረቡ ወዳጆቼ፣ ዛሬ የማመሰግነው ሰው አለኝ። የምኖረው ሰንዳፋ አካባቢ ነው። ልጁ በወረዳ ግብርና የሚሠራ የእንስሳት ባለሙያ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ በግሉ እየዞረ ያማክራል። «ስሜን አይጻፉ» ስላለኝ አልጽፍም።

ከአራት ዓመት በፊት በአንድ አውራና በስድስት ቄብ ጀመርኩ። ፈንግል የጎረቤቴን ቤት ባዶ ሲያስቀር ስላየሁ፣ ከውጭ አንድም ዶሮ አላስገባም ብዬ ምዬ ነበር። እንዲያውም እኮራበት ነበር።

ሁለት ዓመት ደህና ሄደ። ከዚያ የማስታቅፈው እንቁላል ውሃ እየሆነ ይቀር ጀመር። ከ12 እንቁላል አምስት ጫጩት ካየሁ እሰየው ነው። የተፈለፈሉትም ቀጫጮች ናቸው፤ ሁለቱማ ምንቃራቸው ተጣሞ ወጡ። መኖ ቀየርኩ። አንድ መድኃኒት ሻጭ ዶሮዎቹን እንኳ ሳያይ ቫይታሚንና አንቲባዮቲክ ደጋግሞ ሸጠልኝ። አማቴ ደግሞ «ዓይን ነው» አሉ።

ይህ ልጅ ሲመጣ ስለ መኖ አልጠየቀኝም። ግቢው መሃል ቆሞ አውራውን እያየ፣

«እትዬ፣ የዚህ አባት የት አለ?» አለኝ።

«ለፋሲካ ታረደ።»

«እናቱስ?»

«ያቺ ገብስማዋ።»

«እነዚህ ቄቦችስ የማን ልጆች ናቸው?»

«የእሷው ናቸው» ስል ሳቁ አመለጠው። «ልጅዎን ሲድሩ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ አይደል? እዚህ ግን እህትን ለወንድም፣ ልጅን ለእናት ድረው ተቀምጠዋል!»

አፈርኩም ሳቅኩም። የካሌንደር ጀርባ ላይ እየጻፈ አስረዳኝ። ማንኛውም ዶሮ የተደበቀ ጉድለት በዘሩ ይይዛል። ከአንድ ወገን ብቻ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ አይታይም፤ ከአባትም ከእናትም ሲገናኝ ነው የሚወጣው። ዘመዳሞች ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚይዙት ያንኑ አንዱን ጉድለት ነው። የእህትና የወንድም ጫጩት ላይ ከአባትም ከእናትም የመጣው ዘር ከአንድ ዘመድ የወጣ ያው ዘር የመሆን ዕድሉ 25 በመቶ ነው። የእናትና የልጅም እንደዚያው። የአክስትና የአጎት ልጆች ሲሆኑ ወደ 6.25 ይወርዳል። በር ዘግቶ አንድ አውራ ለ10 እንስት የሚያረባ ሰው፣ ይህ ዝምድና በየትውልዱ ወደ 14 በመቶ ገደማ ይከማችበታል። አውራዎቹ ሦስት ቢሆኑ ወደ 5 ገደማ ነው። እኔ እንስቶቹን ነበር የማበዛው፤ ለካ ችግሩ አውራው ላይ ኖሯል።

ሌላም ጥፋት አገኘብኝ። በየበዓሉ ትልቁና ፈጣኑ አውራ ለወጥ ይሄዳል፣ ለዘር የሚተርፈው የከሳው ነው። ስንቶቻችን እንዲህ እናደርጋለን?

«አዲስ አውራ ያስፈልጋል» ብሎኝ ሲሄድ በማግሥቱ ከሰፈር አንገተ መላጣ ግሩም አውራ ገዛሁ። ተመልሶ ሲመጣ አንገቱን አየና «የማን ቤት ነው?» አለኝ። ስናጣራ ሴትዮዋ ያስፈለፈለችው ካቻምና እኔ ከሸጥኩላት እንቁላል ነው! በገዛ ገንዘቤ የገዛ ልጄን መልሼ ገዛሁ።

ኋላ ሁለት አውራ ከሁለት የተራራቁ ቦታዎች አስመጣን፤ አንዱን ከፍቼ፣ አንዱን ከሞጆ በኩል። ለሦስት ሳምንት ሌላ ግቢ ለብቻቸው አቆይቶ፣ የፈንግል ክትባት ሰጥቶ ነው ያስገባቸው። ከቤቴ ልጆችም ጠንካራውን አንዱን አስቀረን። የተቀሩትን አሮጌ አውራዎች ካወጣን በኋላም ለሦስት ሳምንት እንቁላል እንዳላስታቅፍ ከለከለኝ፤ ዶሮ የቀድሞውን አውራ ዘር በሆዷ ሁለት ሦስት ሳምንት ታቆያለችና።

እንስቶቹን ሦስት ቤት ከፈላቸው፤ እግራቸው ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ቢጫ ቀለበት አሰረ። የሚፈለፈሉት ሴቶች በእናታቸው ቤት ይቀራሉ። ወንዶቹ ይወጣሉ፤ የቀዩ ወደ አረንጓዴ፣ የአረንጓዴው ወደ ቢጫ፣ የቢጫው ወደ ቀይ። የኛ ወግ ተገልብጦ ሙሽራው ነው የሚሄደው። ምንቃረ ጠማማዎቹን ግን ለዘር እንዳላውላቸው አስጠንቅቆኛል። ለወጥ ምንም አይሉም።

አንድ ጊዜ ተስፋ ቆርጬ «ሁሉንም ሸጬ የፈረንጅ ልግዛ» ብዬው ነበር። ቦቫንስ የሚባለው የፈረንጅ እንቁላል ጣይ ድቅል ስለሆነ ልጇ እናቷን አትመስልም አለኝ። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ሆሮ የሚባለውን ዶሮ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአገሬው ዶሮ እየመረጠ እንዳሻሻለ ነግሮኝ፣ «የእርስዎም ዘር አልሞተም፣ ታፍኖ ነው» አለኝ።

ባለፈው ወር ካስታቀፍኩት 12 እንቁላል 10 ተፈለፈለ። በ21ኛው ቀን ጠዋት የጫጩቶቹን ድምፅ ስሰማ ቡናዬን ትቼ ነው የሮጥኩት።

ልጁ እንከን የለውም አልልም። ሰዓት አያከብርም። ሦስት ሰዓት ካለ አምስት ሰዓት ጠብቁት። ግን መድኃኒትም ዶሮም አይሸጥም፤ የተቀበለኝ ክፍያ ከአንድ አውራ ዋጋ ያነሰ ነው፤ እየደወለም ይጠይቃል። ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ሰንዳፋና አካባቢው ያላችሁ ስልኩን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፤ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ደግሞ ከሩቅ ሰፈር አውራ መለዋወጥ የምትፈልጉ ካላችሁ ሁለት ጎረምሳ የቢጫ ቤት ልጆች አሉኝ። የናንተን ከማምጣታችሁ በፊት ግን አባቱንና አያቱን ንገሩኝ።