ግራቭነር ወይስ ራዲኮን? ኦሬንጅ ወይን ልትገዙ ላሰባችሁ

ኦሬንጅ ወይን ልሞክር ግን ከየት ልጀምር ለሚለኝ ሰው ሁሌ የምጠራለት ሁለት ጎረቤታም ወይን ሰሪዎችን፣ ግራቭነርንና ራዲኮንን ነው። ሁለቱም ያሉት ጣሊያን ውስጥ፣ ከጎሪዚያ ከተማ አጠገብ ስሎቬኒያ ድንበር ላይ ያለች ኦስላቪያ የምትባል ትንሽ መንደር ነው፣ ሁለቱም ሪቦላ ጃላ የሚባል ነጭ የወይን ዘር ያለማሉ፣ ጠርሙሱ ሲከፈት ግን ሌላና ሌላ ነው።

ኦሬንጅ ሲባል ብርቱካን የለበትም። ነጭ ወይን ሲሰራ ጭማቂው ወዲያው ከልጣጩ ይለያል፣ ቀይ ወይን ግን ከነልጣጩ ነው የሚፈላው፣ እነዚህ ሰዎች ደሞ ነጩን ፍሬ ልክ እንደ ቀዩ ከነልጣጩ ያፈሉታል። ቀለሙ ቁርጥ ጠጅ ነው፣ ጣዕሙ ግን ደረቅ ነው፣ ማር ማር አይልም፣ ስኳር ያልገባበት ወፍራም ሻይ ስትጠጡ ድዳችሁን እንደሚይዘው ይይዛል።

ዮሽኮ ግራቭነር በ1987 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ካሊፎርኒያ ሄዶ የዘመናዊውን ወይን አሰራር አይቶ ቅር ብሎት ነው የተመለሰው። በ1996 በረዶ ምርቱን ሲያወድምበት በተረፈችው ሪቦላ ከነልጣጭ ማፍላት ሞከረ፣ በ2000 ጆርጂያ (የአሜሪካዋ ሳትሆን የካውካሰስ አገሯ) ድረስ ሄዶ ክቬቭሪ የሚባለውን ጋን በዓይኑ አየ፣ ከዛ በ2001 ምርት የራሱን ጀመረ። ጋኑ እስከ አንገቱ መሬት ውስጥ የተቀበረ ነው፣ ውስጡ በንብ ሰም የተቀባ። ወይኑ እዛ ውስጥ ግማሽ ዓመት ያህል ከነልጣጩ ይቆይና ወደ ትልልቅ የኦክ እንጨት በርሜል ይገባል፣ ገበያ የሚወጣው ከለቀማው 7 ዓመት በኋላ ነው። እስቲ አስቡት፣ 7 ዓመት ገንዘቡን ሳያይ የሚጠብቅ ገበሬ!

ስታንኮ ራዲኮን ከነልጣጭ ማፍላት የጀመረው በ1995 ነው። ጋን የለም፣ በእንጨት በርሜል ነው፣ ሪቦላው ሶስት ወር ገደማ ከልጣጩ ጋር ይቆይና አመታት ያርፋል። ትልቁ ልዩነት ሰልፋይት (ወይን እንዳይበላሽ የሚጨመር ማቆያ) ነው፦ ግራቭነር ትንሽ ይጨምራል፣ ራዲኮን ግን ከ2002 ጀምሮ በሪቦላው ላይ ጭራሽ አይጨምርም። ስታንኮ በ2016 አረፈ፣ ቤቱን የያዘው ልጁ ሳሻ ነው። ሳሻ ደሞ ስላትኒክ የሚባል ቀለል ያለ ወይን አለው፣ ሻርዶኔና ፍሪዩላኖ የሚባሉ ነጭ የወይን ዘሮች ተደባልቀው፣ ከልጣጩ ጋር የሚቆየው ሁለት ሳምንት ገደማ ብቻ፣ ትንሽ ሰልፋይትም አለው።

ታዲያ የቱን? ኦሬንጅ ቀምሳችሁ የማታውቁ ከሆነ ስላትኒክን ግዙ፣ በዋጋም ግራቭነር ከሱ እጥፍ በላይ ነው። ቀምሳችሁ ከወደዳችሁ ቀጥታ ወደ ራዲኮን ሪቦላ። እኔ ከሁሉም እሱን ነው የምወደው፣ ደመና የመሰለ ድፍርስ ነው፣ መጀመሪያ ሲቀዳ ይኮመጥጣል፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የደረቀ አፕሪኮት ሽታ ይመጣል፣ ከለብለብ ክትፎና አይብ ጋር ደሞ ልዩ ነው (ሚጥሚጣው ከበዛ ግን ወይኑ ቃጠሎውን ያባብሰዋል፣ ቀነስ አድርጉ)። ጠርሙሱም ግማሽ ሊትር ስለሆነ ለአንድ ሰው ይበቃል፣ የሁለት ሰው ባለ አንድ ሊትሩ ነው። ግራቭነርን ለሰርግ፣ ለልጅ ክርስትና አስቀምጡት፣ ከራዲኮኑ ይልቅ የረጋ፣ ጥልቅ ነው፣ ችኩል ሰው ግን ገንዘቡን ያባክናል።

አንድ ጊዜ ሰልፋይት የሌለው ወይን ከአንድ ሱቅ ገዝቼ፣ ጠርሙሱ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ስንት ጊዜ ቆሞ እንደነበር እንጃ፣ ስከፍተው ሆምጣጤ ሆኖ ጠበቀኝ። በጣም ነው ያናደደኝ፣ ገበሬው ስንት አመት የለፋበት ነገር እኮ ነው። ስለዚ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ከሚያስቀምጥ ሱቅ ግዙ፣ ሳታፍሩ የት ነው የምታስቀምጡት ብላችሁ ጠይቁ።

ከፍሪጅ እንደወጣ አትጠጡት፣ ሲቀዘቅዝ ምሬቱ ብቻ ነው የሚሰማው። የራዲኮን ሪቦላ ቡሽ ከተለመደው ቀጭን ስለሆነ መክፈቻውን መሃል ላይ አስተካክላችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ፣ ያልጨረሳችሁትን ደሞ ከድናችሁ አስቀምጡት፣ በማግስቱ የኔ ሁሌ ይሻላል።