ሳል ሲመጣ እግር ማቆላለፍ ቀረ

ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ ወዲህ ሳስል፣ ስስቅ፣ ጀሪካን ሳነሳ ሽንቴ ጠብ ይል ነበር። ሕርማታ ገበያ ደርሶ መመለስ ራሱ ጭንቅ ነው። እዚሁ ጅማ ፊዚዮቴራፒ (በአካል እንቅስቃሴ የሚሰጥ ሕክምና) ጀመርኩ፤ እኔ እንኳ ለወገብ ብቻ ይመስለኝ ነበር። መድኃኒት የለ፣ መርፌ የለ። ሽንትና ፈስ አንድ ላይ እንደሚይዝ ሰው ጡንቻውን ወደ ላይ ስቦ ማጥበቅ፣ ትንፋሽ ሳያቆሙ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ። 8 ጊዜ፣ በቀን 3 ዙር፣ ቢያንስ ለ3 ወር። መጀመሪያ ቂጤን ነበር የማጠብቀው፣ ባለሙያዋ ሳቀችብኝና አረመችኝ። በጣም የጠቀመኝ ግን ሳል ሊመጣ ሲል ቀድሞ ማጥበቁ ነው። አሁን ቡና ስቆላም እሰራዋለሁ።

ቅሬታዬ፣ ክፍሉን የሚለየው መጋረጃ ብቻ ነው፤ ወረፋ የያዘው ሁሉ ጉድሽን ይሰማል። ከጀመርኩ 4ኛ ወር ሆኖኛል፣ አሁን ጉንፋን ሲይዘኝ ብቻ አልፎ አልፎ ጠብ ይላል።