ስምንት ወር ከጃንጎ የዊንዶው ፊልተር ጋር

ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ የሚያከፋፍሉ ደንበኛ አሉን። ቢሯችን ሜክሲኮ ነው። ጋሼ ሲናደዱ ስልክ አይደውሉም፤ በተክለ ሃይማኖት አድርገው በእግራቸው ይመጣሉ። ይህን ያዙልኝ።

የጠየቁን ነገር ሲሰሙት ቀላል ነው። «የእያንዳንዱን ደንበኛ የመጨረሻ ግብይት አሳየኝ። ዱቤ ከሆነ እደውልለታለሁ።» የዱቤ ደብተር የያዘ ሰው ገጹን ገልጦ የመጨረሻዋን መስመር ያያል፣ አለቀ። ዳታቤዝ ላይ ግን ነገሩ ትንሽ ይጠማዘዛል።

ዊንዶው ፈንክሽን (ለእያንዳንዱ ረድፍ ከጓደኞቹ ጋር አይቶ ዋጋ የሚሰጥ የዳታቤዝ ስሌት) ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ሁነኛ መሣሪያ ነው። ረድፎቹ በደንበኛ ይከፈላሉ፣ ከአዲስ ወደ አሮጌ ይደረደራሉ፣ ከዚያ ቁጥር ይሰጣቸዋል። 1 ቁጥር የደረሰው የመጨረሻው ግብይት ነው። ችግሩ «ዌር» የሚባለው የማጣሪያ ትእዛዝ የሚሠራው ቁጥሩ ከመታደሉ በፊት መሆኑ ነው። ስለዚህ «1 ቁጥርን ብቻ» ለማለት ኳሪውን (ለዳታቤዙ የሚቀርበውን ጥያቄ) በሌላ ኳሪ መጠቅለል ግድ ነው። እነ ቢግኳሪና ስኖውፍሌክ የሚባሉት ዳታቤዞች ለዚህ «ኳሊፋይ» የሚባል ትእዛዝ አላቸው። እኛ የምንጠቀመው ዳታቤዝ፣ ፖስትግሬስ፣ የለውም።

የምንሠራበት የፓይተን ማዕቀፍ ጃንጎ ዊንዶው ፈንክሽንን የለመደው በ2.0 ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ። ፊልተር (ረድፍ ማጣሪያ) ውስጥ ስናስገባው ግን «አይፈቀድም» ብሎ ይመልሰን ነበር። እኛም 3.2 ላይ ቁጭ ብለን ግብይቱን በሙሉ ወደ ፓይተን እየጎተትን በሉፕ እንለቅም ነበር። ያሳፍራል፣ ግን ይሠራ ነበር። ክልከላው የተነሣው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 በወጣው 4.2 ነው። እኛ የተሻገርነው ከዚያ ብዙ ቆይተን ነው፤ የሚሠራ ነገር መነካካት ማን ይወዳል?

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፍቅር ነበሩ። ወደ 40 መስመር የሚጠጋው ኮድ 5 መስመር ሆነ። ቁጥሩን በአኖቴት (ለረድፉ ተጨማሪ ዓምድ በሚሰጠው ትእዛዝ) መስጠት፣ ቀጥሎ እንደ ማንኛውም ዓምድ ፊልተር ማድረግ። መጠቅለሉን ጃንጎ ራሱ ይሠራዋል። የወጣውን ኤስኪውኤል (ጃንጎ ለዳታቤዙ የሚልከውን ጽሑፍ) አትመን ስናየው የውስጡን ኳሪ ስም «ኳሊፋይ» ብሎታል። የሌለውን ትእዛዝ በስም አስታውሶታል ማለት ነው።

ከዚያ ጋሼ መጡ።

«ልጄ፣ ከፍሎ የጨረሰ ሰው ላይ አስደወልከኝ። ደረሰኙን ፊቴ ላይ ዘረጋልኝ እኮ!»

ቡና አዘዝንላቸውና ኮዱን ከፈትኩ። የጻፍኩት እንዲህ ነበር፦ ቁጥር ስጥ፣ 1 ቁጥርን ያዝ፣ ከዚያ ዓይነቱ ዱቤ የሆነውን ያዝ። ከላይ ወደ ታች ሲነበብ ምንም እንከን የለውም። ጃንጎ ግን በዚያ ቅደም ተከተል አይሠራውም። ወደ ውጪኛው ኳሪ የሚያወጣው የዊንዶው ፊልተሩን ብቻ ነው። ሌላው ፊልተር፣ በኋላም ቢጻፍ፣ ውስጥ ይቀራል፤ ከቁጥሩ በፊት ይሠራል። ስለዚህ መጀመሪያ ዱቤዎቹ ተለዩ፣ ክፍያዎቹ በሙሉ ከጨዋታ ወጡ፣ ከቀሩት ዱቤዎች የመጨረሻው 1 ቁጥር አገኘ። ባለፈው ሳምንት ከፍሎ የዘጋ ሰውም ዝርዝሩ ውስጥ ገባ። ኤረር የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። ስህተቱ የእኔ ነው፤ የወጣውን ኤስኪውኤል አትሜ አይቼዋለሁ፣ ግን ያየሁት ሁለተኛውን ፊልተር ከመጨመሬ በፊት ነበር።

መፍትሔው አጭር ነው። የመጨረሻዎቹን ግብይቶች መለያ ቁጥር በሰብኳሪ (በውስጥ ኳሪ) ማውጣት፣ ከዚያ በውጪ በኩል «መለያው ከእነዚህ ውስጥ የሆነ፣ ዓይነቱም ዱቤ የሆነ» ማለት። ኮዱ ትንሽ ወፈረ። ግድ የለም።

ሁለተኛዋ ጣጣ ትንሽ ናት። የምንደረድረው በቀን ብቻ ነበር። ሰውየው ጠዋት ዱቤ ወስዶ ከሰዓት ሲከፍል ሁለቱም ያው ቀን ይሆናሉ፤ 1 ቁጥር ለማን እንደሚደርስ ዳታቤዙ ቃል አይገባም። ከቀኑ ቀጥሎ መለያ ቁጥሩን መደርደሪያ አድርገን ተገላገልን።

ፍጥነቱ አላስከፋኝም። ፖስትግሬስ ከ15 ጀምሮ «ቁጥሩ ከዚህ አይበልጥም» የሚል ገደብ ሲያይ ከገደቡ ያለፉትን ረድፎች በመቁጠር አይደክምም። በደንበኛ፣ በቀንና በመለያ ቁጥር ላይ በዚያው ቅደም ተከተል ኢንዴክስ (ቀድሞ የተደረደረ ማውጫ) ካለ ደግሞ ለመደርደርም ብዙ አይለፋም። እውነቱን ለመናገር፣ የሚፈለገው አንድ ረድፍ ብቻ ከሆነ ከየደንበኛው የመጀመሪያውን ረድፍ ብቻ የሚያስቀረው የፖስትግሬስ «ዲስቲንክት ኦን» ይበቃል። የዊንዶው ፊልተር ጥቅሙ የጎላልኝ ጋሼ «የመጨረሻ ሦስቱን አሳየኝ» ያሉ ቀን ነው። 1 የነበረችውን 3 አድርጌ፣ እኩል የሚለውን «ከ3 የማይበልጥ» ብዬ ቀየርኩ፣ በቃ። ዱሮ ቢሆን ግማሽ ቀን ነበር። 4.2 ፕሪፌች (ተያያዥ ረድፎችን አብሮ ቀድሞ ማምጣት) ላይም ቁራጭ፣ ለምሳሌ የመጀመሪያ ሦስቱን፣ መውሰድ ፈቅዷል፤ በስተጀርባ የሚሠራው ይኸው ዊንዶው ፈንክሽን ነው።

ያልሄደልኝ አንድ ነገር አለ። ድምር ያለበት ኳሪ ላይ የዊንዶውን ፊልተር ከሌላ ፊልተር ጋር በ«ወይም» ማያያዝ አይቻልም። እዚህ ላይ ግን ቢያንስ በግልጽ ይጮሃል። በዝምታ ከሚሳሳት የሚጮህ ይሻለኛል።

ሰኔ 30 ሒሳብ ሲዘጋ የዱቤውን ዝርዝር ላክንላቸው። ጋሼ ስልኩን ከማንሣታቸው በፊት ዝርዝሩን ከአሮጌው ደብተራቸው ጋር አንድ በአንድ አመሳከሩ። አልፈርድባቸውም።