የጾም ማእድ ቤትን የሚጠቅመው የምግብ መጽሐፍ የትኛው ነው?

በጎጃም ሥጋ የሌለበት ምግብ ማለት ከሁሉ አስቀድሞ የጾም ምግብ ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም፣ የ15 ቀኑ ፍልሰታ፣ የነቢያትና የሐዋርያት ጾም ሲደማመሩ የዓመቱን ሰፊ ክፍል ስለሚይዙ፣ በደብረ ማርቆስም ሆነ በባሕር ዳር፣ በዳንግላም ሆነ በቢቸና ላለች የቤት እመቤት ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተት፣ ያለ ቅቤና ያለ እንቁላል ማዕድ ማሰናዳት ከእናቷ የወረሰችው ሙያ ነው። ያም ሆኖ ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫና ጎመን እየተፈራረቁ ሁዳዴ ሲጋመስ፣ በተለይ ልጆች ባሉበት ቤት፣ ለገበታው አዲስ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣልሽ?» ብሎ ሲደውል የምግብ መጽሐፍ ማስመጣት ጥሩ ሐሳብ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝኛ የሚያነብ ተማሪ ባለበት ቤት ልጅ እያነበበ እናት እየሠራች መጽሐፉን በሚገባ መጠቀም ይቻላል። ሆኖም በዓለም ገበያ ስማቸው የተጠራው የቬጂቴሪያን የምግብ መጻሕፍት የተጻፉት ለሌላ ማእድ ቤት በመሆኑ፣ ፎቶግራፉ ስላማረ ብቻ የተገዛ መጽሐፍ ሳይገለጥ መደርደሪያ ላይ ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ በዚህ ንጽጽር መጻሕፍቱን የምመዝናቸው በሦስት ነገር ነው። መጀመሪያ የማየው ከመጽሐፉ ምን ያህሉ በጾም ቀን እንደሚሠራ ነው፤ ቬጂቴሪያን የሚባለው አመጋገብ ወተት፣ አይብና እንቁላል ይፈቅዳልና፣ «ቬጂቴሪያን» የሚል መጽሐፍ ሁሉ የጾም መጽሐፍ አይደለም። ለእኛ ጾም ይበልጥ የሚቀርበው ከእንስሳት የተገኘ ነገር የማይነካው የቪጋኖች አመጋገብ ሲሆን፣ ጥብቆቹ ቪጋኖች ማርንም ስለሚተዉ በዚህ በኩል ከእኛ ይለያሉ። ቀጥሎ የማየው የሚጠይቃቸው ነገሮች ቅዳሜ ገበያ ላይ መገኘታቸውን ነው። በመጨረሻም በከሰል፣ በኤሌክትሪክ ምድጃና በምጣድ ሊሠራ የሚችል መሆኑን እመለከታለሁ፤ ኦቨን ያለው ቤት ጥቂት ነውና።

በእነዚህ ሦስት ሚዛኖች ሲታይ የመጀመሪያውን ቦታ የምሰጠው ማዱር ጃፍሪ እ.ኤ.አ. በ1999 ላሳተሙት «ወርልድ ቬጂቴሪያን» ነው። ጸሐፊዋ የዴልሂ ተወላጅ ናቸው፤ መጽሐፋቸውም ከ650 በላይ የምግብ አሠራሮችን ከሕንድ፣ ከመካከለኛው ምሥራቅ፣ ከሜዲትራንያን አገሮችና ከሌላውም ዓለም ሰብስቦ ይዟል። ለእኛ የሚጠቅመው ግን ከብዛቱ ይልቅ አደረጃጀቱ ነው። አሠራሮቹ የተመደቡት በአገር ሳይሆን በዋናው ግብዓት ስለሆነ፣ የደረቀ ጥራጥሬ ለብቻው፣ አትክልት ለብቻው፣ እህል ለብቻው፣ የወተት ተዋጽኦም ለብቻው ሰፊ ክፍል አላቸው። ጎተራዋ ውስጥ ሽንብራና ምስር ያላት ሴት የጥራጥሬውን ክፍል ከፍታ ያላትን ነገር በምን መልክ መሥራት እንደምትችል ታገኛለች፤ በጾም ወራት ደግሞ የወተት ተዋጽኦውን ክፍል ከነጭራሹ ሳትገልጠው ብታልፍ እንኳ የቀረላት ከበቂ በላይ ነው።

ይህን መጽሐፍ ከሌሎቹ የሚያስበልጠው ሌላው ምክንያት የሕንድና የእኛ የቅመም ገበታ እጅግ መቀራረቡ ነው። እርድ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንብላል፣ ከሙን፣ አብሽና ቃሪያ በሕንድ የምስር ምግብ ውስጥ በየጊዜው የሚገቡ ሲሆኑ፣ ሁሉም ከቡሬ እስከ ሞጣ በማንኛውም የገበያ ቀን ይገኛሉ። አሠራሩ ግን ከእኛ የተለየ ነው፤ ትምህርቱም ያለው እዚያ ላይ ነው። የእኛ ምስር ወጥ የሚጀምረው ብዙ ሽንኩርት ረጅም ጊዜ በማቁላላት ሲሆን፣ ሕንዶች ብዙውን ጊዜ ምስሩን በእርድ ብቻ ቀቅለው ካለሰለሱ በኋላ በመጨረሻ በትንሽ መጥበሻ ዘይት ያግላሉ፤ ያልተፈጨ ከሙን፣ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርትና ደረቅ በርበሬ ጣል ያደርጉበትና ሽታው ሲያውድ፣ ገና እየተንጫጫ፣ ምስሩ ላይ ይገለብጡታል። ሽንኩርት በሚወደድበት ወቅት ይህ አሠራር ለቤት ወጪ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ጣዕሙም ከለመድነው ወጥ ፈጽሞ የተለየ ስለሆነ በአንድ ገበታ ሁለቱን ጎን ለጎን ማቅረብ ይቻላል።

የሽንብራ ዱቄትም እንዲሁ ነው። እኛ ቅመም አስገብተን ሽሮ የምናደርገውን ሽንብራ ሕንዶች ያለ ቅመም ያስፈጩና በውሃ አቅጥነው፣ ጨው፣ የተከተፈ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ድንብላል ቅጠል ጨምረው በጋለ ብረት ላይ እንደ ስስ ቂጣ ይጋግሩታል። በትንሽ ዘይት በታሸ ምጣድ ላይ ያለ ችግር ይወጣል፤ ጾሙን ለሚፈታ ልጅም ሆነ ከቅዳሴ መልስ ለሚመገብ አዋቂ ከእንጀራ ጋር የማይሰለች ምግብ ነው። እንዲህ ያሉትን አሠራሮች ከጃፍሪ መጽሐፍ ማግኘት ይቻላል።

የዚህ መጽሐፍ ድካም ሁለት ነው። ከ700 ገጽ በላይ ስለሆነ ለመንገደኛ ሻንጣ ከባድ ነው፤ ደግሞም አንዳንዶቹ አሠራሮች የሚጠይቋቸው ቅመሞች፣ ለምሳሌ የሕንዶች የካሪ ቅጠል፣ በእኛ ገበያ አይገኙም። ሁለተኛው ብዙ አያሳስብም፤ ቅመሙን ትቶ መሥራት በአብዛኛው ምግቡን አያበላሸውምና።

ስለ ጥራጥሬ ከተነሣ አይቀር፣ በማንኛውም የውጭ መጽሐፍ ላይ የተጻፈ የማብሰያ ጊዜ በእኛ ከፍታ እንደማይሠራ ገዢ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። መጻሕፍቱ የተጻፉት በአብዛኛው ለባሕር ጠለል ቅርብ ለሆኑ ከተሞች ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እሳቱ የቱንም ያህል ቢበረታ ክዳኑ የማይታፈን ድስት ውስጥ ያለው ውሃ ከዚህ በላይ አይግልም፤ ስለዚህም ሽንብራ «በአንድ ሰዓት ይበስላል» የሚል ገጽ ሲነበብ ሌሊቱን ዘፍዝፎ ማሳደርና ጊዜውንም በብዙ መጨመር፣ ከተቻለም ፕሬዠር ኩከር መጠቀም ያስፈልጋል። ክክና የተፈተገ ምስር ግን ይህን ያህል አያስቸግሩም።

ሁለተኛው ዐቢይ መጽሐፍ ዴቦራ ማዲሰን እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተሙትና በ2014 ታድሶ፣ ከ200 በላይ አዳዲስ አሠራሮች ተጨምረውበት የወጣው «ቬጂቴሪያን ኩኪንግ ፎር ኤቭሪዋን» ነው። ጸሐፊዋ እ.ኤ.አ. በ1979 በሳን ፍራንሲስኮ የተከፈተው «ግሪንስ» የተባለው ሥጋ የማያቀርብ ምግብ ቤት መሥራች ሼፍ ነበሩ። መጽሐፉ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው የአትክልትን ነገር ነው፤ አትክልቶቹን በፊደል ተራ ደርድሮ እያንዳንዱ እንዴት እንደሚመረጥ፣ እንዴት እንደሚሰናዳና ከምን ጋር እንደሚስማማ ያብራራል። መራዊ አካባቢ ባለው የቆጋ መስኖ የሚለማው ድንች፣ ሽንኩርትና ጥቅል ጎመን፣ ከአዊ የሚወጣው ድንች ሳይቀር በእኛ ቤት የሚቀርበው በሁለትና በሦስት መልክ ብቻ ስለሆነ፣ ይህ ክፍል ብቻውን መጽሐፉን ሊያስገዛ ይችላል። ነገር ግን አይብ፣ ቅቤና ወተት በየክፍሉ ተሰበጣጥረው ስለሚገኙ እንደ ጃፍሪው አንዱን ክፍል ዘሎ ማለፍ አይበቃም፤ እያንዳንዱን አሠራር አንብቦ መለየት ያስፈልጋል። ምግብ ማብሰልን ገና ከሥሩ ለሚማር ወጣት፣ በተለይ ከቤተሰብ ርቆ ቤት ተከራይቶ ለሚኖር ተማሪ፣ ይህኛውን አስቀድማለሁ። ብዙ ልምድ ላላት እናት ግን ስለ መቀቀልና ስለ መጥበስ የሚሰጠው ማብራሪያ አዲስ ነገር አይሆንባትም።

የዮታም ኦቶሌንጊን «ፕሌንቲ» እና የሞሊ ካትዘንን «ሙስውድ ኩክቡክ» ለጾም ብሎ ማስመጣትን አልመክርም። «ፕሌንቲ» እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ እጅግ ውብ መጽሐፍ ነው፤ ነገር ግን ሽፋኑ ላይ ያለው ምግብ ራሱ ለሁለት ተሰንጥቆ በኦቨን የተጠበሰ ደበርጃን ሆኖ አሬራ ያለበት ማባያ ፈስሶበት የሮማን ፍሬ የተነሰነሰበት ነው፤ ኦቨኑም አሬራውም በጾም ቀን ከብዙዎቻችን እጅ ውጭ ናቸው። ለፍስክ ቀን ግን፣ ኦቨን ላለው ቤት፣ እንግዳ የሚጋበዝበት ገበታ ከዚህ መጽሐፍ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1977 በእጅ ጽሑፍና በእጅ ሥዕል የታተመው «ሙስውድ» ደግሞ በአሜሪካ የቬጂቴሪያን ምግብን በማስፋፋት ትልቅ ስም ያለው ሲሆን አይብና እንቁላል ይበዛበታል።

ሙሉ በሙሉ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነጻ የሆነ መጽሐፍ የሚፈልግ ሰው እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣውን የኢሳ ቻንድራ ሞስኮዊትዝና የቴሪ ሆፕ ሮሜሮን «ቪጋኖሚከን» ስም ይሰማል። ገጽ ሳይመረጥ ሁሉም በጾም ስለሚበላ በመጀመሪያው ሚዛን ከሁሉ ይልቃል፤ የሚወድቀው በሁለተኛው ሚዛን ነው። ከመጽሐፉ ታዋቂ ምግቦች አንዱ ሽንብራ ተፈጭቶ ከዳቦ ፍርፋሪና ከስንዴ ግሉተን ዱቄት ጋር ታሽቶ እንደ ጥብስ ሥጋ ተደልድሎ የሚጠበስ ነው፤ ሽንብራውና ፍርፋሪው ቤት ውስጥ አሉ፣ ምግቡን አያይዞ የሚያቆመው የግሉተን ዱቄት ግን ገበያ ላይ የለም። ከአኩሪ አተር የሚሠራው ቶፉና የመሳሰሉትም እንዲሁ ናቸው። አዲስ አበባ የሚመላለስ ወይም በየጊዜው ከውጭ ዕቃ የሚላክለት ቤተሰብ ካልሆነ በቀር ይህ መጽሐፍ ለጎጃም ኗሪ አድካሚ ነው።

የራሳችንን ምግብ የያዙትም ቦታ አላቸው። ኪቲ በርንስ እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት «ጤፍ ላቭ» የኢትዮጵያን ምግብ ከእንስሳት ተዋጽኦ በጸዳ መልክ ብቻ የሚያቀርብ ነው፤ እንጀራው፣ ሽሮው፣ ምስሩ ሁሉ አለ። ለቢቸናና ለደጀን የጤፍ አገር ሰው እንጀራ መጋገርን ከአሜሪካዊት መጽሐፍ መማር አያስፈልገውም፤ ይህን መጽሐፍ የምመክረው እዚህ ላለው ቤተሰብ ሳይሆን ውጭ አገር ለተወለደ የወንድም ወይም የእኅት ልጅ ስጦታ እንዲሆን ነው። ያም ሆኖ አንድ ሐሳቡን ለእኛም እጠቅሳለሁ፦ ጸሐፊዋ በንጥር ቅቤ ቦታ ዘይትን በቅመም አንጥረው ያዘጋጃሉ። ዘይቱን በቀስታ አሙቆ ኮረሪማ፣ አብሽ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና በሶብላ አስገብቶ ሽታውን እስኪወስድ ማቆየትና ማጥለል፣ ከዚያም ድስቱ ሊወርድ ሲል ጠብ ማድረግ፣ የጾም ሽሮ ላይ ቅቤው የሚተወውን ጉድለት በሚገባ ይሞላል። የዳንኤል ጆቴ መስፍን «ኤግዞቲክ ኢትዮጵያን ኩኪንግ» ደግሞ 178 የተሞከሩ አሠራሮችንና የምግቦችን ይዘት የሚያሳዩ ሠንጠረዦችን የያዘ ሲሆን የጾምም የፍስክም ምግብ ስላለበት የቬጂቴሪያን መጽሐፍ አይደለም። የእጅ ሙያን በመለኪያ ተጽፎ ማየት ለሚሻ፣ ለምሳሌ ትንሽ ምግብ ቤት ለመክፈት ለሚያስብ ሰው፣ ጠቃሚ ነው። የአገው ምድርንና የምዕራብ ጎጃምን ግብጦ፣ ተቆልቶ በወራጅ ውሃ ለቀናት ተዘፍዝፎ ምሬቱ የሚወጣበትን ጥበብ ግን ከእነዚህ መጻሕፍት ከመጠበቅ ይልቅ ከሚያውቁት እናቶች ዘንድ ሄዶ መጻፍ ይሻላል።

እንግዲህ አንድ መጽሐፍ ብቻ ለሚገዛ ቤተሰብ ጃፍሪን፣ ለጀማሪ ማዲሰንን፣ በውጭ አገር ለሚያድግ ልጅ «ጤፍ ላቭ»ን እመርጣለሁ። ለዘመድ መልእክት ሲላክ የመጽሐፉ ስም ብቻ ሳይሆን የጸሐፊዋ ስምና የእትሙ ዓመት አብሮ ይጻፍ፤ የማዲሰንን መጽሐፍ ስም ብቻ የተነገረው ሰው የ1997ቱን አሮጌ እትም ገዝቶ ሊመጣ ይችላል። «ፕሌንቲ»ን የሚያስመጣም የእንግሊዝ አገሩን እትም ይጠይቅ፤ መለኪያው ግራምና ሚሊ ሊትር ስለሆነ በቤት ሚዛን ይሠራል። የአሜሪካ እትሞች በኩባያ፣ በፓውንድና በፋራናይት የሚናገሩ በመሆናቸው፣ የአሜሪካ አንድ ኩባያ 240 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ አንድ ፓውንድ 454 ግራም፣ 350 ፋራናይት ደግሞ 177 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆኑን በመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በእርሳስ ጽፎ ማስቀመጥ ይጠቅማል። የቤታችን የሻይ ብርጭቆና የቡና ሲኒ ከዚያ ኩባያ በጣም ያንሳሉና በእነርሱ መስፈር ዱቄቱንና ውሃውን ያዛባል።